ሦስተኛው ፊርማ

አምቦ፣ ግንቦት 2 ቀን 1981 ዓ.ም.

ይድረስ ለማከብርህ አበልጄ፤

ይህ ወረቀት እጅህ ሲገባ በጤና እንዲያገኝህ ምኞቴ ነው። ያ በክረምት የሚነሣብህ የወገብ ሕመም እንዴት አድርጎሃል? አጋሮ ዝናቧ ብዙ ነው ሲሉ እሰማለሁና ሁልጊዜ የማስበው እሱን ነው። ወለተማርያምስ እንዴት ናት? ልጆቹስ? እኛ እግዚአብሔር ይመስገን ሁላችንም ደህና ነን። ወለተማርያም በክርስትና ያነሣቻት ሮማነወርቅ ዘንድሮ ዘጠነኛ ክፍል ናት። ቁመቷ እናቷን አልፏል፤ ነገረ ሥራዋ ግን እንደ ክርስትና እናቷ ነው፣ አንዴ የተናገረችውን አትመልስም። «ክርስትና እናቴን ለምን አናያትም?» እያለች መጠየቅ ካቆመች ሁለት ዓመት ሆናት። ከመጠየቋ ይልቅ ማቆሟ ከብዶኛል።

ባለፉት ስምንት ዓመታት ከአዲስ ዓመት የእንኳን አደረሳችሁ ካርድ በቀር ምንም ጽፌልህ አላውቅም። አንተም በሁለት መስመር ትመልስልኛለህ። ዛሬ ግን ብዙ እጽፋለሁ። ሥራ በማይጠብቅህ ቀን፣ ብቻህን ሆነህ አንብበው።

መጀመሪያ የመሥሪያ ቤታችንን ወሬ ልንገርህ። አንተ የምታውቀው ቤት አሁን በጣም ሰፍቷል። ከጊንጪ እስከ ባኮ አሥራ አንድ ቅርንጫፍ፣ ከአራት መቶ በላይ ሠራተኛ ሆነናል። የጭነት መኪናውም ጨምሯል፣ ማኅተሙም ጨምሯል። እስከ አምና ድረስ ያልተለወጠው አንድ ነገር ነበር፤ ዘሩና ማዳበሪያው ዝናቡን ተከትሎ ይደርስ ነበር እንጂ ዝናቡን ቀድሞ ደርሶ አያውቅም ነበር። በቆሎው ባኮ የሚገባው ገበሬው የቤቱን ዘር ዘርቶ ለኩትኳቶ ሲወጣ ነበር። በየዓመቱ አንድ ጥፋተኛ እንፈልግ ነበር፤ በየዓመቱም እናገኝ ነበር።

ባለፈው ጥቅምት ከዋናው መሥሪያ ቤት ደብዳቤ መጣ። የክፍል ኃላፊዎች፣ የመጋዘን ኃላፊዎች፣ ሾፌሮችም ሳይቀሩ፣ ከገበሬ ማኅበራትም ሊቃነ መናብርት ተጨምረው ለአምስት ቀን ሥልጠና ይቅረቡ ይላል። የሥልጠናው ስም «የሲስተም አስተሳሰብ» ነው። ሥራ አስኪያጃችን ጓድ በድሉ ደብዳቤውን ሁለት ጊዜ አንብቦ፣ «ይሄ ደግሞ የውይይት ክበብ ነው ወይስ የመኪና ጥገና?» አለን። የሚያውቅ አልነበረም። ደብተራችንን ይዘን፣ እንደ ልማዳችን ከኋላ ከኋላ ተቀመጥን።

አሠልጣኟ አመለሸጋ የምትባል ሴት ናት። ሆላንድ አገር ሁለት ዓመት ተምራ የመጣች፣ ድምጿ ዝግ ያለ፣ ስትናገር የማትቸኩል። «የማስተምራችሁ አዲስ ነገር አይደለም። ነገርን ብቻውን ሳይሆን ከነዘመዱ ማየት ነው» ስትል ከኋላ ያሉት ሳቁ። እሷም አብራ ሳቀች። «ግድ የለም ሳቁ። አንድ ነገር ሲበላሽ ግን የተበላሸበትን ቦታ ብቻ አትዩ። ማን ወለደው? እሱስ በተራው ምን ይወልዳል? ብላችሁ ጠይቁ» አለችን።

በሁለተኛው ቀን ጨዋታ አጫወተችን። ስንት ሽበት ያለው ሰው በተሰበሰበበት አዳራሽ ውስጥ ጨዋታ! አራት ጠረጴዛ ደርድራ በአንዱ ላይ «ገበሬ ማኅበር»፣ በሁለተኛው «ቅርንጫፍ»፣ በሦስተኛው «አምቦ»፣ በመጨረሻው «ዋናው መሥሪያ ቤት» ብላ ጻፈች። የበቆሎ ፍሬ በጣሳ አደለችን። መነጋገር ክልክል ነው። የሚያስፈልግህን ያህል በብጣሽ ወረቀት ጽፈህ ወደሚቀጥለው ጠረጴዛ ታቀብላለህ፤ ወረቀቱ ሁለት ዙር ቆይቶ ይደርሳል፣ በቆሎውም ሁለት ዙር ቆይቶ ይመጣል። ጓድ በድሉን ገበሬ አደረገችው። እኔን ዋናው መሥሪያ ቤት ጠረጴዛ ላይ አስቀመጠችኝ።

ስንጀምር ሳቅ ነበር። እኩለ ቀን ሳይሆን ሳቁ ቆመ። ጓድ በድሉ ፊቱ ቀልቶ፣ መነጋገር ክልክል መሆኑንም ረስቶ፣ «ኧረ ዘር ላኩልን! እዚያ ላይ ተኝታችኋል እንዴ?» እያለ ይጮሃል። በየዙሩ እጥፍ እጥፍ ይጠይቃል። እኔ ደግሞ «ይህ ሰው አበዛው፣ እያጋነነ ነው» ብዬ ከጠየቀው ላይ ግማሹን እቆርጣለሁ። በመጨረሻ የእሱ ጣሳ ባዶ ሆኖ ሳለ የእኔ ጠረጴዛ ላይ በቆሎ ተከምሮ ወደ መሬት ይፈስ ነበር።

አመለሸጋ አስቆመችንና፣ «እሺ፣ በዚህ ጨዋታ ውስጥ ሌባው ማነው?» አለች።

ኤጄታን ታስታውሰዋለህ፣ የባኮን መስመር የሚነዳውን ሾፌር። ብዙ የማይናገረው ኤጄታ ከኋላ ተነሣና ኮፍያውን አውልቆ፣ «ይህን ጨዋታ እኛ ባኮ ላይ በሰው ተጫውተነዋል። ያ ሰው ሰባት ወር ታሰረ» አለ። ከጎኑ የነበሩት ሾፌሮች፣ «ዱጋ ነው፣ እውነት ነው» አሉ። ስምህን አልጠራም፤ መጥራትም አላስፈለገውም። የድሮ ሰዎች የሆንነው ሁሉ መሬት መሬት እናይ ነበር።

ሥልጠናው በአምስት ቀን አለቀ። እሷ ግን አልሄደችም። «ሥልጠና ብቻውን አረም ይበላዋል፤ ኩትኳቶ ይፈልጋል» ብላ ከየክፍሉ ስድስት ሰው መረጠች፤ እኔም አንዱ ሆንኩ። ሥራችን በየሳምንቱ ወደ ቅርንጫፎች እየሄዱ ከሠራተኛው ጎን መቀመጥና መጠየቅ ነው። ማዘዝ የለም፣ መቆጣት የለም፣ መልሱን አውቀህ እንኳ ቢሆን መልስ መስጠት የለም። እሷ ኮቺንግ ትለዋለች። እኛ ኮች የሚባለው የኳስ አሠልጣኝ ብቻ ይመስለን ስለነበር፣ ሾፌሮቹ ሲያዩኝ «ኮቹ መጣ! ዛሬ ማን ሊቀየር ነው?» እያሉ ይቀልዱብኝ ነበር።

አበልጄ፣ መጠየቅ ከባድ ሥራ ነው። ሃያ ዓመት ሙሉ ትእዛዝ ሳረቅቅ የኖርኩ ሰው ነኝ። አንዱ ሲናገር መልሱ ምላሴ ላይ ይመጣብኛል፤ እውጠዋለሁ። ደንዲ ሄጄ የገበሬ ማኅበሩን ሊቀ መንበር ኦቦ ተሬፋን፣ መሬታቸው መቶ ኩንታል ገደማ የሚበቃው ሆኖ ሳለ ለምን ሦስት መቶ እንደጠየቁ ጠየቅኳቸው። ከት ብለው ሳቁብኝ። «እናንተ ስለምትቆርጡ ነዋ! መቶ ብል ሠላሳ ትሰጡኛላችሁ። ሦስት መቶ ብል መቶዬን አገኛለሁ» አሉኝ። እኔ «ገበሬው ያጋንናል» እያልኩ በቀይ እስክሪብቶ ስቆርጥ፣ እሳቸው «ቢሮው ይቆርጣል» እያሉ ሲጨምሩ፣ ስንት ዓመት! ሁለታችንም ልክ ነበርን፤ ሁለታችንም ተባብረን አበላሸነው።

ጉደር ላይ ግን ሳቅ አልነበረም። የጉደር መጋዘን ኃላፊ ሲንቄ ትባላለች፤ አንተ ከሄድክ በኋላ የተቀጠረች ናት። ባሏ ጦር ሜዳ ቀርቶባት ሦስት ልጆች ብቻዋን ታሳድጋለች። መጀመሪያ የሄድኩ ቀን መዝገቧን ደረቷ ላይ አቅፋ፣ «የመጡት ሊጠይቁኝ ነው ወይስ ሊያሳስሩኝ?» አለችኝ። አምና ክረምት የስንዴው ዘር ከዘር ወቅት በኋላ ደርሶ ዘጠና ኩንታል መጋዘኗ ውስጥ ነቅዟል። ጓድ በድሉ በዚያው ሳምንት ጠርቶኝ፣ ሦስት አባላት ያሉት ኮሚቴ መቋቋሙን፣ ጉዳዩም የኢኮኖሚ አሻጥር ተብሎ ለበላይ አካል እንደሚቀርብ ነግሮኝ ነበር። «ሪፖርቱን አንተ አርቅቀው፤ ልምዱ አለህ» አለኝ።

ለአመለሸጋ ነገርኳት። ከፍል ውሃው በር ፊት ለፊት ካለችው ሻይ ቤት ተቀምጠን ነበር። እንደ ልማዷ መጠየቅ ጀመረች።

«ይህ ከዚህ በፊት ሆኖ ያውቃል?»

«ያውቃል። በ1973፣ ባኮ ላይ።»

«ያኔ ምን አደረጋችሁ?»

«የመጋዘን ኃላፊው ታሰረ። ከሥራም ወጣ።»

«ከዚያ ወዲህ ዘሩ በጊዜው መጣ?»

«አልመጣም። እንዲያውም ባሰበት።»

«ስለዚህ መዘግየቱ ከሰውየው ጋር አልሄደም» አለች። ቀጥላም፣ «የዚያን ጊዜውን ሪፖርት ማን ጻፈው?» አለችኝ።

«ኮሚቴው» አልኳት።

ሻይዋን ጨረሰች። ሌላ አልጠየቀችኝም።

በማግሥቱ መዝገብ ቤት ገብቼ የ1973ን ፋይል አስወጣሁና ቀኖቹን እየለቀምኩ በአንድ ወረቀት ላይ ደረደርኳቸው። ጥር 12 ቀን ከባኮ የተነሣው የአንተ የዘር መጠየቂያ ዘሩ እንዲነሣ የሚያስፈልገውን ሦስተኛውን ፊርማ ያገኘው ግንቦት 22 ቀን ነው። አራት ወር ከአሥር ቀን ሙሉ ወረቀቱ ከጠረጴዛ ጠረጴዛ ሲዞር ነበር ማለት ነው። ሦስተኛውን ፊርማ ያመጣው እኔ የምሠራበት የዕቅድ ክፍል ነው፤ ሐሳቡም የእኔ ነበር። ለዚያ ሐሳብ የምስጋና ወረቀት የተሰጠኝ ቀን አንተ ነህ ይዘኸኝ ወጥተህ የጋበዝከኝ። ክፋት አልነበረበትም። ጥያቄው እንዳይጋነን፣ የሕዝብ ንብረት እንዳይባክን ብዬ ነው። ግን ፊርማው ዘሩን አዘገየ። የዘገየበት ገበሬ በሚቀጥለው ዓመት እጥፍ ጠየቀ። እጥፍ ሲጠይቅ እኛ ተጠራጠርን፤ ስንጠራጠር ቁጥጥር ጨመርን፤ ቁጥጥሩ ሲጨመር ዘሩ ይበልጥ ዘገየ። አውድማ ላይ እንዳለ በሬ ስንዞር ኖረናል፤ ከእግራችን ሥር የተረገጠው ግን ሰው ነበር።

ኅዳር 27 ቀን ኮሚቴው ሲሰበሰብ ሪፖርት አልያዝኩም። ትልቅ ወረቀት ግድግዳው ላይ ለጥፌ ይህንኑ ዙር ሣልኩላቸው፤ ፊርማው መዘግየትን፣ መዘግየቱ ማጋነንን፣ ማጋነኑ ጥርጣሬን፣ ጥርጣሬው ፊርማን ሲወልድ። ጓድ በድሉ ተቆጣ። «ጥፋተኛ የለም ልትለኝ ነው? ለበላይ አካል ክብ ሥዕል ነው የምልከው?» አለኝ። እኔም፣ «ስም ካስፈለገ ሦስተኛውን ፊርማ ያመጣሁት እኔ ነኝና የእኔን ይጻፉ። ሲንቄ ታስራ ዘሩ ከርሞም ቢዘገይ ግን ቀጥሎ ማንን እናስራለን?» አልኩት።

ወደ ግድግዳው ሥዕል ዞረ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን ለራሱ፣ «ያን ቀን ጣሳዬ ባዶ ነበር» አለ።

ሲንቄ አልታሰረችም። ሦስተኛው ፊርማ ለአንድ የዘር ወቅት ለሙከራ እንዲቀር ተወሰነ። ለገበሬ ማኅበራቱም የሚያስፈልጋችሁን ልክ ጠይቁ፣ አንቆርጥም ብለን ቃል ገባን። ኦቦ ተሬፋ ሳያምኑን፣ እያመነቱ፣ መቶ አሥር ኩንታል ጻፉ። መቶ አሥሩም ተፈቀደላቸው። እኔ በጽሑፍ ማስጠንቀቂያ ተሰጥቶኝ ከክፍል ኃላፊነቴ ወረድኩ፤ የኮቺንጉን ሥራ ግን አመለሸጋ ተከራክራ አስቀጠለችልኝ። አልከፋኝም። እንዲያውም ከዚያ በኋላ ነው ሠራተኛው መዝገቡን ሳይደብቅ የሚያወራኝ የሆነው።

ዘንድሮ የባኮ በቆሎ ሚያዝያ 24 ቀን ደረሰ! ከኤጄታ ጎን ተቀምጬ አብሬ ሄድኩ። መሬቱ ገና ደረቅ ነው፤ ገበሬው ሁለተኛውን እርሻ እያረሰ ነበር። መኪናችን ሲቆም ሰዉ ተሰብስቦ ያየናል እንጂ ለማውረድ የሚጠጋ የለም። አንድ ሽማግሌ በበትራቸው ጆንያውን ነካ አድርገው፣ «ይሄ የዘንድሮው ነው ወይስ ያምናው ገና መድረሱ ነው?» አሉ። ያን ጊዜ ሳቁና ሸክሙ አብሮ ተጀመረ። አንተ ስትሠራበት የነበረው መጋዘን በሩ አረንጓዴ ተቀብቷል። ያቺ በር ላይ የተከልካት ግራር ጣሪያውን አልፋለች። ከሥሯ ጥቂት ቆምኩ።

በተመለስኩ ሳምንት ሲንቄ ከጉደር ድረስ አንድ ዘንቢል ድንች ተሸክማ ቤቴ መጣች። ለመቀበል ፈቃደኛ አልነበርኩም፤ ባለቤቴ ተቀበለቻት። ስትወጣ በሩ ላይ ቆማ፣ «ያኔ እንደ እርስዎ ያለ ሰው ቢኖር ኖሮ እኮ ያ የባኮው ሰውዬ አይታሰርም ነበር» አለችኝ።

ያኔም እንደነበርኩ አልነገርኳትም።

አበልጄ፣ ከሦስት ዓመት በፊት ጊንጪ ሠርግ ላይ ስንገናኝ ወደ ጥግ ወስደኸኝ ያልከኝን አልረሳሁትም። «እስር ቤት መጥተህ ያልጠየቅከኝ ፈርተህ ነው። ጊዜው ነው። አልቀየምኩህም» ብለህ ጉንጬን ሳምከኝ። ወለተማርያም ስንቅህን ይዛ በቢሯችን መስኮት ሥር ስታልፍ መጋረጃውን እዘጋ እንደነበር አታውቅም። ይቅር ያልከኝ እስር ቤት መጥቼ ስላልጠየቅኩህ ብቻ ነው። ያን ይቅርታህን እስከ ዛሬ ይዤው ኖሬአለሁ፤ ልክ የእኔ ያልሆነ ዕቃ በስሕተት እጄ እንደገባ።

አሁን ዋናውን ነገር ልጻፍ። ከ1973ቱ ፋይል ውስጥ፣ በታይፕ ከተጻፈውና ሦስቱ የኮሚቴ አባላት ከፈረሙበት ሪፖርት ጀርባ፣ የእጅ ረቂቁ በስፒል ተያይዞ አገኘሁት። ከዚያን ጊዜ ወዲህ ማንም ገልጦት አያውቅም። ዋናውን ከዚህ ደብዳቤ ጋር ልኬልሃለሁ፤ እኔ ዘንድ ያስቀረሁት ግልባጭ የለም። ሁለተኛውን ገጽ እይ። «ዘሩ ከአምቦ የተነሣው ሐምሌ 9 ቀን በመሆኑ የመጋዘን ኃላፊው በወቅቱ ሊያድል አይችልም ነበር» የሚል መስመር አለ። ተሠርዟል። ከላዩ «ሆን ብሎ ደብቆ በማቆየቱ» ተብሎ ተተክቷል። ታይፕ የተደረገው የኋለኛው ነው። የጻፈውና የሠረዘው ቀለም አንድ ነው፤ እጁም አንድ ነው። ረቂቁ ላይ ስም የለበትም።

አዲስ አበባ ያለው የይግባኝ ክፍል የቆዩ ጉዳዮችን እስከ ሰኔ 30 ድረስ እንደሚቀበል አጣርቻለሁ። ስምህን ለማጥራትና የተቋረጠው አገልግሎትህ እንዲቆጠርልህ ከዚህች ወረቀት የበለጠ ማስረጃ አታገኝም። ብትተወውም የአንተ ነው፤ ብታቀርበውም የአንተ ነው። ለባለቤቴ ትናንት ሁሉንም ነግሬአታለሁ። እሷም ረቂቁ እንዳይታጠፍ በካርቶን መሐል አድርጋ ፖስታውን ራሷ አሸገችው።

ምናልባት ረቂቁ የማን እጅ እንደሆነ ሊያመሳክሩ ይፈልጉ ይሆናል። ያን ጊዜ ይህንንም ደብዳቤ አብረህ ስጣቸው። ቢሯችን አራት የጽሕፈት መኪና እያለ በእጄ የጻፍኩልህ ለዚሁ ነው።

ወገብህን ያጽናልህ። ቤትህን ከክፉ ወሬ ይጠብቅልህ። ልጆችህን ለወግ ለማዕረግ ያብቃልህ። ለወለተማርያም ጉልበቷን ስሜ ሰላምታዬን አቀርባለሁ፤ ሮማነወርቅም እንደዚሁ።

ይህን ስም ከእንግዲህ ብትነፍገኝም የማልቀየምህ፣

አበልጅህ